የውኃ ጎተራ

ጎተራ የሌለው ቤት የመከርን ደስታ እንጂ የክረምትን ጥጋብ አያውቅም። የውኃም ነገር እንደዚሁ ነው። ይህንንም የራያ ቆላ ገበሬ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

በሮቢት የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ በሐምሌ ወር በምዕራብ ያለው ተራራ ሲጠቁር ባዩ ጊዜ፥ በሜዳው ላይ ፀሐይ ቢሆንም፥ አካፋቸውን ይዘው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። በአፈርና በቅርንጫፍ ግድብ ሠርተው ጎርፉን ወደ ማሽላቸው ይመልሱታል። ጎርፉ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይመጣል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ያልፋል፤ በማግሥቱ በወንዙ ውስጥ አሸዋ ብቻ ይቀራል። አንድ ዓመት ጎርፉ በሌሊት መጥቶ ግድቡን አፈረሰው፤ የዚያ ዓመት ማሽላም ሳያፈራ ደረቀ።

በዚያው ዓመት ሽማግሌው የልደትን በዓል ላሊበላ አክብረው፥ ከአንድ ወጣት መምህር ጋር ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጡ። ጎሕ ሲቀድ ሣሩ ሁሉ በአመዳይ ነጥቶ፥ በጉድጓድ ያለው ውኃ ረግቶ አገኙት። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ሁሉም ጠፋ።

«ልጄ፥ ይህን ያህል ብርድ ካለ፥ በረዶው ስለ ምን ተከማችቶ አይቀመጥልንም?» ብለው ጠየቁ።

መምህሩም እንዲህ ሲል አስረዳቸው፤ «አባቴ፥ ግግር በረዶ የሚሠራው ብርድና ርጥበት ሲገናኙ ነው። በበጋ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሰማዩ ግን የጠራ ስለ ሆነ የሚወርድ ነገር የለም። በክረምት ደመናው ይመጣል፤ ብርዱ ግን የወረደውን ለማቆየት አይበቃም። ግግር የሚሆነው የአምናው በረዶ ቀልጦ ሳያልቅ የዘንድሮው ሲደረብበት ነው። የላይኛው የታችኛውን እየተጫነ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከክብደቱም የተነሣ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሄዳል፤ የገፋውንም ድንጋይና አፈር በግርጌው ይከምራል።»

እንዲህ ያለው ክምር በላስታ ይገኛል። በቤልጅግ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ባሳተሙት ጥናት፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራሮች ውስጥ በሚገኘው በሊብ አምባ ላይ የጥንት ግግር ምልክት ማግኘታቸውን ገልጸዋል። በዚያ ዘመን አየሩ ከዛሬው በ6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዝ ነበር።

ነገር ግን ብርድ ብቻውን አይበቃም። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ የባሌና የአርሲ ግግር እጅግ ሰፍቶ የነበረው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ነው፤ በዓለም ላይ ብርዱ የበረታው ግን ከ20 ሺህ ዓመት ያህል በፊት ነበር። ብርዱ ሲበረታ ግግሩ አልሰፋም። ከዚያም በኋላ፥ ከ17 ሺህ ዓመት ያህል በፊት፥ ጣና ሐይቅ እንኳ እስኪደርቅ ድረስ ድርቅ ሆኖ ነበር። በደረቅ አገር ደመና ለተራራው የሚያለብሰው በረዶ ያንሳል፤ አየሩም ያለውን በረዶ ወደ ውኃ ሳይለውጥ ተን አድርጎ ይወስደዋል።

በፓኪስታን በሁንዛ ሸለቆ ዝናም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ በበረታች ቍጥር ከላይ ያለው ግግር እየቀለጠ ወደ እርሻው ቦይ ይወርዳል። ሮቢትን የምታደርቀው ፀሐይ በዚያ ታጠጣለች። ልዩነቱ የጎተራ ነው።

ሽማግሌው ይህን ሰምተው፥ «እንግዲያስ የእኛ ጎተራ ባዶውን ቀረ» አሉ። መምህሩ ግን በእግራቸው ሥር ያለውን የጓሳ ሣርና ጅብራውን አሳያቸው። ሣሩን ገለጥ ባደረጉት ጊዜ አፈሩ ርጥብ ነበር። ከዚያ በታች ግን የገብስ እርሻ ዳገቱን እየወጣ፥ ሣሩም እየተገፈፈ መሄዱን ተመለከቱ።

የአቡነ ዮሴፍ ውኃ አብዛኛው ወደ ተከዜ እንጂ ወደ ራያ አይወርድም። ሕጉ ግን በሮቢት አናት ላይ ላሉት ተራሮችም አንድ ነው፤ የተራቆተ ዳገት የተቀበለውን ዝናም በአንድ ሰዓት ይጥለዋል፤ ሣር የለበሰ ግን ቀስ በቀስ ይሰጠዋል።

ሽማግሌው ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ግድቡን ለመጠገን ሐምሌን አልጠበቁም። ጎረቤቶቻቸውንም ሰብስበው፥ ከሁሉ አስቀድመው የተናገሩት ስለ ግድቡ ሳይሆን በላይ ስላለው ዳገት ነበር።