ሸጎሌ ማን ነበሩ?

አዲስ አበባ የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» ብሎ በተጣራ ቁጥር እኔ የአሶሳው ልጅ በልቤ «ሼህ ሆጀሌ» እላለሁ። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው የአሶሳ ገዥ ከነበሩትና ለአፄ ምኒልክ ወርቅ ይገብሩ ከነበሩት ከሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ነው። መኖሪያቸውም እዚያው ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ብጠይቀው «እንጃ» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። አሶሳን ራሷን በእግሬ ስዞር፣ እንግዳ ያለ አስጎብኚ ታሪካችንን አንብቦ የሚያልፍበት ምልክት አላጋጠመኝም።

የፈረንሳይዋ ናንት መንገዷ ላይ አረንጓዴ መስመር ቀብታለች፤ እንግዳ እሱን ተከትሎ ብቻውን ይጎበኛል። ናንት በባሪያ ንግድ የከበረች ወደብ ነበረች። ይህንንም አልደበቀችም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ወንዙ ዳር የባርነት መሻር መታሰቢያ ከፈተች።

በሼሁ እኮራለሁ። ግን በባሪያ ንግድም እጃቸው ነበረበት። ለባርነት የተጋዙት የማኦና የኮሞ ሰዎች ዘመዶች ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ወርቁን አውስቶ እነሱን የሚዘልል ምልክት ከምንተክል ባንተክል ይሻላል።

እናንተስ፣ የመጀመሪያው ምልክት ላይ ምን ይጻፍ ትላላችሁ?