«ገና ነው»

እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከልጇ ሐኪም ዘንድ ተመልሳ የደወለችልኝ በእነርሱ አመሻሽ፣ በእኛ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ‹ገና ነው› የሚለውን ነካሁት» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተሰብሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ልጁን ከመዘነና ከለካ በኋላ፣ ስልኳ ላይ እንድትጭነው አንድ መተግበሪያ አሳያት። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ነው። ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት በየዕድሜያቸው የሚያደርጉትን እየዘረዘረ ይጠይቃል፤ ወላጅ «አዎ»፣ «እርግጠኛ አይደለሁም» ወይም «ገና ነው» ይላል። የተዘጋጀው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው።

የሁለት ዓመቱ ጥያቄ፣ ልጁ ቢያንስ ሁለት ቃላት አጣምሮ ይናገራል ወይ የሚል ነው። የእኛ ልጅ ግን «አለቀ»፣ «ወደቀ»፣ «ስጪኝ» ነው የሚለው።

ተነሣሣሁ። ለግጥም ቤት ስፈልግ የማድር ሰው ነኝና፣ አንዲት የአማርኛ ግሥ ስንት ሰው አዝላ እንደምትሄድ አውቃለሁ። «ስጪኝ» ውስጥ ሰጪዋ አለች፣ ተቀባዩ አለ፤ ሴትነቷ ሳይቀር። እንግሊዝኛው ለዚህ ሁለት ቃል ያወጣል! «‹አዎ› በይው» አልኳት። እናታችንም ከጎኔ ሆነው «ይኸም አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው» አሉ፣ እኔን እያመለከቱ።

ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። «አባቱንስ ምን ይለዋል?»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «አባቱንም ‹ስጪኝ› ነው የሚለው» አለች።

ክርክሬ እዚያው ላይ ፈረሰ። ልጁ ቃሉን የያዘው እንደ አንድ ድምፅ እንጂ ውስጡን ፈትቶ አይደለም። ደግሞም ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲከለስ፣ ከመቶ 75 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑ ሕፃናት በዚያ ዕድሜ ያደርጉታል ተብሎ የሚጠበቀው እንዲያዝበት ተደርጓል። «ገና ነው» ማለት እንግዲህ ለሐኪሙ የሚነገር እንጂ እንደ እናታችን በትዝታ የሚታለፍ አይደለም። (በባንክ መስኮት ቅጽ ፊት የሚደነግጥ ስንት ሰው አይቻለሁ፤ የእህቴን ያህል ግን ያሳዘነኝ የለም።)

መልሱን አልለወጥነውም። ይልቅ ለሐኪሙ የሚሰጥ ወረቀት አዘጋጀን፤ ልጁ የሚያውቃቸውን ቃላት፣ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም፣ ከነትርጉማቸው። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ከ«ስጪኝ» ትይዩ፣ አባቱንም እንዲሁ እንደሚለው ጻፈች።