ሳይቀመስ የሚሠራ ወጥ
(የፋሲካ ሰሞን ትዝብቶች)

ፋሲካ ቀኑ ቢዘዋወርም ከወሰኑ አይወጣም። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። መጋቢት 26 ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር የጸደይ መግቢያ ነው። ለዚህ ይሆናል ፋሲካን ሳስብ የበልግ ዝናብ አብሮ የሚመጣብኝ፦ ቀን የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ማታ ድንገት የሚወርድ ካፊያ፣ የነጠላ ጫፍ ላይ የደረቀ ጭቃ። ሁሉም ሰው የዘመን መለወጥን በአደይ አበባ ያስታውሳል፤ እኔን የሚያባባኝ ግን የሚያዝያ ርጥብ አፈር ነው።

፠

በሆሳዕና ከዘንባባ ቀለበትና መስቀል መሥራት የሚችል ልጅ ያን ዕለት በሰፈሩ ተፈላጊ ነው። ትልልቆቹ ሳይቀሩ ጣታቸውን ዘርግተው ተራ ይጠብቁታል።

፠

በሰሞነ ሕማማት መሳሳም የለም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ሰጥቷልና ሰው በሩቁ ሰላም ይባባላል፤ ካህኑም መስቀል አያሳልምም። ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳመ ለማይጠግብ ሕዝብ ከሥጋና ከቅቤ ይልቅ ይህ ጾም ይከብዳል። አንድ ዓመት አክስቴ በዚያው ሳምንት ከክፍለ ሀገር መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ እንባዋ እየተናነቃት "ደኅና ናችሁ?" ብቻ አለች። የትንሣኤ ሌሊት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የሳምንቱን ሁሉ አንድ ላይ ሳመችን።

፠

የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ስንዴና ባቄላ ነው፤ ሽምብራ የሚጨምርም አለ። እስራኤላውያን ከግብፅ በጥድፊያ ሲወጡ የበሉት መታሰቢያ ነው እየተባለ ይነገረን ነበር። የአንዱ ቤት ጉልባን ከሌላው ቤት ጉልባን ብዙ አይለይም፤ ሆኖም በሳህን ተሸፍኖ ከየቤቱ ይወጣል፣ ወደየቤቱ ይገባል። እኛ የላክነው ሳህን የጎረቤትን ጉልባን ይዞ ይመለሳል። ልጆች ሆነን ተላላኪዎቹ እኛ ነበርንና በዚያ ቀን ያልገባንበት ደጃፍ አልነበረም። ደጅ የማያውቁ ልጆች ሲያድጉ ሳይ፣ ይህን መላላክ እንድናስቀጥልላቸው አጥብቄ እመኛለሁ።

፠

ቀዳም ስዑር በዓመቱ ውስጥ የምትጾም ብቸኛ ቅዳሜ ናት። ጠዋት ካህናቱ ቃጭል እያንቃጨሉ ቄጠማ ያመጣሉ፤ ለኖኅ በርግብ የደረሰው የምሥራች መታሰቢያ ነው። ሁላችንም በራሳችን ላይ እናስራለን። እናቴም ታስርና ወደ ጓዳ ትገባለች።

ከሐሙሱ ጉልባን በኋላ እህል አልቀመሰችም፤ አክፍላለች። ዓርብ ስትሰግድ ውላ ጉልበቷ ዝሏል። ሽንኩርቱ እየተቁላላ ውኃውን ይጨርሳል፣ በርበሬው ይገባል፣ ቅቤው ይከተላል፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ታጥቦ የነጣው 12 ብልት ይጨመራል። ይህ የቀን ሙሉ ሥራ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ማማሰያው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አፏ አይጠጋም። ጨው መብቃቱን በምን ታውቃለች? እንፋሎቱን ወደ አፍንጫዋ ትስባለች። ቅቤው ከላይ ሲንሳፈፍ ቀለሙን ታያለች። ድስቱ ሲንተከተክ ጆሮዋን ታዘነብላለች። ጨውን በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ትበትናለች፤ ይበቃል ብላ ከከደነች ደግሞ በቅቷል።

በዚህ ሰሞን ስለ በሬ ዋጋ፣ ስለ ዶሮና ስለ ሽንኩርት ገበያ ብዙ ይወራል። በአክፍሎት ላይ ሆና፣ የሌላውን ሆድ ለማስደሰት ድስት ላይ ቆማ ስለምትውለው ሴት ግን ማንም አያነሳም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተልባው ተጠጥቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጾሙ ሲገደፍ ወጡ ይወደሳል። እሷ የመጀመሪያዋን ጉርሻ የምትጎርሰው ሁሉም ከጎረሰ በኋላ ነው። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ቢያንስ የዚያች ሌሊት የመጀመሪያዋ ጉርሻ ለእሷ ትገባታለች።

አሁን ድስቱ ወደ እኔ ዞሯል። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ዐይኗ እንደ ድሮው ባያይላትም፣ ከሳሎን ሆና "ትንሽ ጨው ቀርቶታል፤ እሳቱንም ቀንሺው" ትለኛለች። ወንድሜ ሽንኩርት ይከትፋል። ትልቅ ነገር ነው።

፠

ቅርጫ ላይ ዐይኔ የሚያርፈው መደቡ ላይ ነው። ጉበቱም፣ ጎድኑም፣ ሻኛውም ተከፋፍሎ በየመደቡ ከተቀመጠ በኋላ ሰዉ የየራሱን ምልክት ለዕጣ ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ስንጥር። የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ሀብታሙም ድሃውም የደረሰውን ይዞ ይሄዳል።

፠

ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተልን። ግቢያችን ውስጥ ሰው ሁሉ ጧፉን አብርቶ በየበራፉ ቆመ፤ እልልታውም ከበር ወደ በር ተቀባበለ። ሙስሊሟ ጎረቤታችንም ወጥታ አብራን ቆመች። ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ቡናው እሷ ቤት ተፈላ።

፠

የአክስቴ ልጅ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። እዚያ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ እኛ ስንገድፍ እሷም ነቅታ ትደውላለች፤ አሠሪዎቿ እንዳይነቁ በሹክሹክታ ታወራና ስልኩን ወደ ሰዉ እንድናዞርላት ትለምናለች። ምን እንደበላን አትጠይቅም፤ እልልታውን መስማት ነው የምትፈልገው።

፠

ከፋሲካ በኋላ ያሉት ቀናት የየራሳቸው ስም አላቸው፦ ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም። እስከ በዓለ ሃምሳ ድረስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ ስግደትም የለም። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ረቡዕን ጾማ፣ በዚያ ሰሞን ግን ማልዳ ወጥ ታሞቅ ነበር።

"እማማ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው" አልኳት።

"ሃምሳው ነው ልጄ፤ ጌታ ተነሥቶ ምን ያስጾምሻል? ነይ፣ ብዪ።"