ሁለታችን ብቻ ያለንበት ፎቶ

ባለቤቴ መጋቢ ነው። አልበማችን በሌሎች ሰዎች ሠርግና ጥምቀት ፎቶ የተሞላ ነው፤ ሁለታችን ብቻ ያለንበትን ፈልጌ አጣሁ። እንግዲህ ለ20ኛ ዓመት ጋብቻችን ከቦስተን የአምስት ሰዓት ያህል መንገድ ወደሆነው፣ በሜይን ግዛት በአትላንቲክ ዳርቻ ወዳለው አካዲያ ብሔራዊ ፓርክ እንሂድ አልኩት።

“እሑድስ?” አለኝ ወዲያው።

ሰኞ ሄደን ሐሙስ እንመለሳለን። ቅጠሉ በደንብ የሚቀላው አብዛኛውን ጊዜ በኦክቶበር አጋማሽ ስለሆነ ያንን ሳምንት መርጫለሁ። 466 ሜትር ከፍታ ካለው ከካዲላክ ተራራ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለማንሳት አስበናል። ውድ እህቶች፣ በዚያ ወቅት በመኪና ለመውጣት ከ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው። ከፊሉ ቦታ ከ90 ቀን በፊት፣ የቀረው ከሁለት ቀን በፊት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። የእኛን ይዣለሁ። ጋቢም እንይዛለን፤ አናቱ ላይ ብርዱና ነፋሱ አይቻልም ይላሉ። የካሜራ ማቆሚያም ገዝቻለሁ፤ ካሜራው በራሱ ሲያነሳን ሁለታችንም እንገባለን።

የቀረን የስልኩ ጉዳይ ነው። እራት ላይ እንኳ ይጠራል፤ የሚደውሉትም የእውነት የተቸገሩ ናቸው። “አንዱ ሽማግሌ ይቀበልልህ” ብዬዋለሁ። ለሦስት ቀን። እስካሁን እሺም እምቢም አላለኝም።