ሳይሟሽ የተጣደ

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋራዥ ይውላል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ላሜራና ቀለም ስሠራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዛሬ የምጽፈው በዚያ ልጅ ላይ ስለሠራሁት ጥፋት ነው። እንደ እኔ ልጁን አጠገቡ አድርጎ የሚያሠራ ወላጅ ብዙ ስለሆነ፣ ለአንዱ እንኳ ይጠቅም ይሆናል።

አንድ ጡረታ የወጡ ደንበኛዬ አሮጌ ቮልስ አላቸው። የፊት ቀኝ ፓራፋንጎዋ በዝገት አልቋል። ሶማሌ ተራ ዞረው ያገኙት ከእርሳቸው የባሰ ሆነባቸው። «በፋይበር ሥራልኝ» አሉኝ። ለዚያ ቅርጹ የሚቀዳበት ደህና ፓራፋንጎ ያስፈልጋል። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን የሚፈታ ነውና፣ ባለ ቮልስ ወዳጃቸው የራሱን ፈትቶ አዋሳቸው። ትንሽ ጎድጉዶ ስለነበር በስቱኮ ሞላሁት፤ አለስልሼ ፕራይመር ረጨሁት።

በማግስቱ ልጄ በጣቱ ዳሰስ አደረገና «አባዬ፣ ይሄ በደንብ ደርቋል?» አለኝ።

«እጅ ካልያዘ ደርቋል። ሰሙን ቀባ» አልኩት። የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበር፤ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ሰሙን ቀባ፣ ወለወለ። እኔ በላዩ ጄልኮቱን፣ ቀጥሎም ፋይበሩን በሬዚን አለበስኩ። በሚቀጥለው ቀን ፎርማውን ላላቅቅ ብል እምቢ አለ። በእንጨት ሽብልቅ ታግዬ ሳወጣው ፕራይመሩ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ከፎርማው ጋር መጣ። ፎርማውም የተውሶው ዕቃም ተበላሹ።

ሠራተኞች ቆመው እያዩ በልጄ ላይ ጮህኩ። «ሰም መቀባት ያቅትሃል? እጅህ ሥራ አይወድም!» አልኩት። አልመለሰልኝም። ማታም እራት አልበላም።

እናቴ ቤት ነበረች። አገሯ ሰሃላ ነው፣ ዋግ ኽምራ። በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ ነው ወደ እኔ ያመጣኋት። ያን ማታ አዲስ ምጣድ እያሟሸች ነበር፤ ጎመን ዘሩን በጋለው ምጣድ ላይ በትና በጨርቅ ታሻለች፣ ትጠርጋለች፣ ደግሞ ትደግማለች።

«ልጁ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«ሥራ አበላሸብኝ። በሰም ማሟሸት ነበረበት፣ በደንብ ሳይቀባው ተጣበቀ።»

«ከሰሙ ሥር ያለውንስ ማን ቀባው?»

«እኔ።»

ትንሽ ዝም አለችና «ምጣዱን ራሳቸው ሳያሟሹት፣ እንጀራው ተያዘ ብለው ጋጋሪዋን የሚቆጡ አሉ» ብላ ወደ ምጣዷ ዞረች።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ጋራዥ ገባሁና ጨርቅ ቲነር ነክሬ የተረፈውን ፕራይመር አሸሁት። ሟሙቶ ጨርቁ ላይ ወጣ። ይሄኔ ገባኝ። የረጨሁት ማጠንከሪያ የሌለው ተራ ፕራይመር ነበር። ሬዚኑ ውስጥ ያለው ስታይሪን እንደ ቲነር ያሟሟዋል፤ ሰም የፈለገውን ያህል ቢደረብ አያድነውም። በዚያ ላይ የክረምት ብርድና እርጥበት አለ። እጅ አለመያዝ ሌላ፣ እስከ ሥሩ መድረቅ ሌላ።

ልጄ ሲመጣ በእነዚያው ሠራተኞች ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንተ ጠይቀኸኝ ነበር፣ ይቅርታ» አልኩት። ከንፈሬን ከብዶኝ ነበር። ለዕቃው ባለቤትም ደውዬ ነገርኩት።

እንደገና ጀመርን። ፓራፋንጎውን እስከ ላሜራው ገፈን በስቱኮ አስተካከልነው። ማጠንከሪያ ያለው ፕራይመርና ቀለም ረጭተን አንድ ሳምንት ሙሉ ተውነው። ከዚያ በውኃ እያራስን በ400፣ በ800፣ በ1200 የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው፤ በፖሊሽ አበራነው። ሲሊኮን የሌለው ሰም አምስት ጊዜ ቀባን፤ በየመሀሉ አንድ አንድ ሰዓት እየጠበቅን ወለወልን። በመጨረሻም በውኃ የሚለቅ ማላቀቂያ ደረብን። ዋናውን ከማልበሳችን በፊት ከታች በማይታየው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጄልኮት ሞከርን። ማጠንከሪያው ዓይን ያጠፋልና መነጽር፣ ጓንትና ማስክ ሳያደርግ እንዳይነካ አስጠነቀቅሁት፤ በሩንም ከፍተን ሠራን።

የመላቀቂያው ቀን ሽብልቁን ለእርሱ ሰጠሁት። ጠርዙን ከፈት አድርጎ ውኃ አፈሰሰበት፤ ፎርማው ቷ ብሎ ተነሳ። ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል። ሮጦ በስልኩ ፎቶ አነሳና ማታ ለአያቱ አሳያት። እርሷም በጣቷ ስልኩን ዳሰስ አድርጋ «ሟሽቷል» አለችው።

ዘንድሮም ክረምቱን እኔ ጋ ይውላል። «ደርቋል» ስለው አያምነኝም፤ መጀመሪያ ጨርቁን ቲነር ነክሮ ያያል። እኔም ቆሜ እጠብቀዋለሁ።