ከገበሩ በኋላ
ባለቤቴ ሐምሌ በገባ ቁጥር የቤት ኪራይ ግብራችንን አሳውቆና ከፍሎ «ተገላገልን» ይለኝ ነበር። ደረሰኙን የት እንደሚያኖር ግን ጠይቄው አላውቅም። ባረፈ በዓመቱ «ያልከፈሉት ግብር አለ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ለቅሬታ የሰጠው ጊዜ 21 ቀን ነው። 18ቱ በፍለጋ አለቀ። በመጨረሻ የልጅ ልጄ፣ ለዘመድ ልንሰጠው ካጠፍነው የክት ኮቱ ኪስ ውስጥ አገኘችው። የባንኩ ወረቀት ቀለሙ ሊጠፋ ጥቂት ነበር የቀረው። ቅሬታዬን በ20ኛው ቀን አስገባሁ፤ ተስተካከለልኝ።

አሁን ግብር ባሳወቅሁ ዕለት ቅጹንና ደረሰኙን ኮፒ አስደርጌ፣ በስልክም ፎቶ አንስቼ፣ ዓመቱን ጽፌበት በአንድ ክላሰር አኖራለሁ። ቢያንስ 5 ዓመት አልጥለውም። ቦታውንም ለልጆቼ አሳይቻለሁ። የእናንተን ደረሰኝ ከእናንተ ሌላ ማን ያውቀዋል?