ደህና ነኝ አትበይ

እናቴ «እንደምን አደርሽ?» ለሚላት ሁሉ የምትሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» አባቴ በተቀበረ ማግስት፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ፣ እንዲሁ ስትል ሰምቻታለሁ። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ ከአልጋዋ እስከ ደጃፉ ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ በጀመረችበት ዓመትም በስልክ ይህንኑ ትለኝ ነበር። እኔም አምኜ ስልኩን እዘጋለሁ። ወይም ያመንሁ መስዬ… ከሁለቱ የትኛው እንደነበረ ዛሬ ለመለየት ይቸግረኛል።

እርሷ ደሴ ናት፤ እኔ ለንደን። ዕድሜዋን የጠየቋት እንደሆነ «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ነው የተወለድሁት» ትላለች። ይህ መልስ ለጎረቤት ይበቃል፣ ለንስሐ አባትም ይበቃል፤ ለቪዛ ማመልከቻ ግን አይበቃም። ቅጹ ቀን፣ ወርና ዓመት ይፈልጋል። በፓስፖርቷ ላይ የሰፈረውን ቀን ገለበጥሁ። ያን ቀን ማን እንደመረጠላት እርሷም አታውቅም።

ከወለደቻቸው ሦስት ልጆች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ልጅ ጧሪ ቀባሪ ይሉታል። እናት ትጦራለች። ቃሉ ማዕረግ አለው፤ የተጦረች እናት ወልዳ ያሳደገችውን ተቀበለች እንጂ ከማንም አልለመነችም። የእንግሊዝ አገር ሕግ ለእናቴ የሰጣት ስም ግን ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለአካለ መጠን የደረሰች ጥገኛ ዘመድ» ይሆናል። ጥገኛ! እኛ በልጅነታችን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ጥገኛ የተባለውን ቃል የተማርነው ስለ ኮሶ ትል ነው። ማመልከቻውን በአማርኛ ሳስረዳት ይህን ቃል ዘልዬ «ልጇ የሚጦራት እናት» አልኋት። ደስ አላት። «እንዲህ ያለ ሕግ አላቸው?» አለች።

ሕጉ አላቸው። የሚጠይቀውም ነገር ሲያነቡት ቀላል ይመስላል። እናትየዋ በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መታጠብን፣ መልበስን፣ ማብሰልን የመሰሉትን የዕለት ተግባራት ለመፈጸም የሌላ ሰው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚያስፈልጋት መሆን አለባት። ይህ ብቻውን አይበቃም። ያንን እንክብካቤ በአገሯ፣ ልጇ ገንዘብ እየላከላት እንኳ፣ ልታገኘው የማትችል መሆኗ መረጋገጥ አለበት፤ ወይ የሚሰጣት ሰው ስለሌለ፣ ወይ ዋጋው ስለማይቻል። ማረጋገጫው የሐኪም፣ የጤና ባለ ሥልጣን ወይም የአካባቢ አስተዳደር ወረቀት ነው። ክፍያው ከ3,000 ፓውንድ በላይ ነው፤ ቢከለከሉ አይመለስም። ቢፈቀድላት ደግሞ ልጇ ለ5 ዓመት በመንግሥት ድጎማ ሳይተዳደሩ ሊያኖራትና ሊያስታምማት ፈርሞ ይገባል።

ፊርማው አልከበደኝም። የከበደኝ በሩ አንድ ጊዜ ወለል ብሎ ተከፍቶ የነበረ መሆኑ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2012 ድረስ በሥራ ላይ የነበረው ደንብ ከ65 ዓመት በላይ የሆናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጇ በሚልክላት ገንዘብ የምትኖርና በአገሯ ሌላ የሚደግፋት የቅርብ ዘመድ የሌላት እናት ልጇ ዘንድ እንድትመጣ ይፈቅድ ነበር። ማን ያጥባታል፣ ማን ያለብሳታል ብሎ አይጠይቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 እናቴ ለጉብኝት መጥታ ሦስት ወር አብራኝ ተቀምጣለች። እኔ ሥራ ስሄድ መስኮት ላይ ተቀምጣ አውቶቡሶቹን ትቆጥር ነበር። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ «እድሬን ማን ይከፍልልኛል?» ብላ ተነሣች። እኔም ገና ብዙ ጊዜ አለ ብዬ ሸኘኋት። በሁለት ዓመቱ ደንቡ ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ የሚፈቀድላቸው ወላጆች ቁጥር እጅግ ጥቂት ሆነ። የተቃወሙ ሰዎች ፍርድ ቤት ወስደውት ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ደንቡ ሕጋዊ ነው አለ።

ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት አላመነችኝም። እርሷ የአሜሪካ ዜግነት እንዳገኘች ነበር ከብዙ ዓመት በፊት ለእናቷ ያመለከተችው። እዚያ ሕጉ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ለወላጁ ሲያመለክት በዓመት ይህን ያህል ሰው የሚል ገደብ የለበትም፤ በዋናነት የሚመረምረው የልጅን ገቢ ነው። «እናቴ ጤነኛ ሆና ነው የመጣችው» አለችኝ፣ «የአንተ አገር ሕግ እስክትወድቅ ይጠብቃል እንዴ?» የአንተ አገር ማለቷ ገረመኝ።

ጉዳዬን የያዘችው ጠበቃ የኛው ሰው ናት። የመጀመሪያ ቀን ፋይሉን ዘግታ እንዲህ አለችኝ፤ «ስማኝ ወንድሜ፣ እናትህ ደህና ከሆኑ አይመጡም። ጥሩ ሠራተኛ ካላቸውም አይመጡም። ጥሩ ጎረቤት ካላቸውም ያጠራጥራል። ለጉብኝት ቪዛ ብታመለክት ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምታስረዳው፤ ጤነኛ ናቸው፣ የሚመለሱበት ቤትና ሰው አላቸው ብለህ። ስድስት ወር ነው፤ እዚህ ሆነው ወደ ሌላው መቀየር የለም።» አንዲት ሴት በአንድ ወረቀት ላይ ብርቱ፣ በሌላው ላይ ደግሞ ረዳት የለሽ ልትሆን ነው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው አይተዋወቁም።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር መናገር ይኖርብኛል። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ተረኛ ነኝ። የሌሎች ሰዎችን እናቶች አጥባለሁ፤ አገላብጣለሁ፤ ካልሲ አጠልቃለሁ። ክንዳቸው ቆዳ ብቻ የሆነ ሴቶችን ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚያሻግሩ፣ ሽንታቸው ሲያመልጣቸው ፊታቸውን እንዴት እንደማያዩ ተምሬያለሁ። ልጆቻቸው እሑድ እሑድ አበባ ይዘው ይመጡና ያመሰግኑኛል። ደህና ሰዎች ናቸው። እኔም እነሱን ሸኝቼ እረፍት ክፍል ገብቼ፣ በደሴ የዘጠኝ ሰዓት ቡና መፍላት አለመፍላቱን ለመጠየቅ እደውላለሁ። የራሴን እናት ገላ ግን አጥቤ አላውቅም። ወንድ ልጅ እናቱን አያጥብም፤ እንዲያ ብለን ነው ያደግነው። ታዲያ ለማያውቃት ሹም «እናቴ ገላዋን መታጠብ ተስኗታል» ብዬ በእጄ መጻፍ ነበረብኝ። ያን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።

ጥር 2016 ዓ.ም. እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ሽቅብ በመኪና ደሴ ገባሁ። ጦሳ ጉም ለብሶ ነበር። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ማን እንዳለበሳት አልጠየቅሁም። እንዝርቷ ከግድግዳው ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አቧራ ይዟል። ጣቶቿን ሳያቸው ገባኝ። የአልጋዬን ጋቢ ፈትለው የሰጡኝ ጣቶች እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሕትና አለው።

«እማማ፣ ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?»

«ምን ሆኜ ነው የማልለብሰው ልጄ? ይመስገን።»

«ገላዎንስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምግብ ያበስላሉ?»

«ለልጄማ ትላንት ዶሮ አቅርቤለታለሁ።»

ማቅረቧ እውነት ነው። የሠራችው ጎረቤታችን ናት። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። ከለንደን የወረቀት ክምር ይዤ መጥቼ፣ ምስክሬ እኔው ፊት ከዳችኝ። ሳስበው ግን የምታፍረው ከሐኪሙ አይደለም፤ ከእኔ ነው። ተነሥቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ አንዲት ልጅ ያቀፈች ሴት ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ስጠራ ወረቀቱ ተጽፏል። እናቴ ዐይኗን ወደ መስኮቱ አድርጋለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔ ያነበብሁት በእንግሊዝኛ ነው።

ስለ ልጅቱም ላንሣ። ከወግዲ የመጣች፣ እናቴን አራት ዓመት ያጠበችና ያለበሰች ልጅ ነበረች። ደሞዟን የምልከው እኔ ነኝ። እኔ ደሴ በደረስሁበት ሳምንት ፓስፖርቷን አውጥታ ጨርሳለች፤ ሳዑዲ ልትሄድ። ልከለክላት አልቻልሁም፤ በምን አፌ? እኔም የሄድሁ ነኝ። እዚያ ደርሳ ማንን እንደምትንከባከብ ስጠይቃት «አንዲት አሮጊት ናቸው አሉኝ» አለችኝ። ከእርሷ በኋላ ሦስት ልጆች መጡ፤ አንዷም ከሁለት ወር በላይ አልቆየችም።

ጎረቤታችን ግን አልሄደችም። የእናቴ የቡና ጓደኛ ናት፤ ሙስሊም ናት፤ አርባ ዓመት አጥር ተጋርተዋል። ደሴ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ እስከ ኅዳር መጨረሻ ስትቆይ፣ እኔ እዚህ ስልክ አልነሣ ብሎኝ ስብከነከን፣ እናቴን ቤቷ ወስዳ ያሳደረቻት እርሷ ናት። ጠበቃዋ የጎረቤት ምስክርነት ያስፈልጋል ስላለችኝ ወረቀት ይዤ ሄድሁ። «ማንም የላትም» የሚል ቃል ነበረበት። አነበብሁላት። ስኒዋን አስቀመጠች።

«እኔ እያለሁ? እኔ ቆሜ እያለሁ ማንም የላትም ብዬ ልፈርም? ወላሂ አላደርገውም።»

ሕጉን ላስረዳት ሞከርሁ። ሰማችኝ፤ ሰምታ ስታበቃ በራሷ ቃል አስጻፈች። እኅቴ ናት፤ የምበላውን ትበላለች፤ ነፍሴ እስካለች ብቻዋን አትወድቅም፤ እኔ ግን ራሴ ሰባ አልፎኛል፣ ወገቤም ታሞ ላነሣት አልችልም። ከዚህ የተሻለ ምስክርነት በሕይወቴ አልሰማሁም። እንዳለ ተርጉሜ ከፋይሉ ጋር አስገባሁት።

መልሱ ሲመጣ «አይፈቀድም» ነው። ውሳኔውን የጻፈው ሰው ጨካኝ አይመስለኝም፤ ደብዳቤው ጨዋ ነው። ሐኪሙ ያለውን ተቀብሏል፤ እናቴ እርዳታ ያስፈልጋታል። ነገር ግን አመልካቿ በልጃቸው ገንዘብ ሠራተኛ ቀጥረው እንደሚኖሩ የባንክ ማስረጃው ያሳያል፤ ጎረቤታቸውም ምግብ እንደሚያካፍሏቸውና ብቻቸውን እንደማይተዋቸው በጽሑፍ አረጋግጠዋል። እንግዲህ በየወሩ የላክሁት ገንዘብ ተደምሮ፣ ጎረቤታችን የማለችው መሐላ ተጨምሮ፣ በእናቴ ላይ ቆመ። ክፉ ልጅ ብሆን፣ ከክፉ ሰዎችም ጋር ብትኖር ኖሮ ይሻላት ነበር። «እንዳለ ባታስገባው» አለችኝ ጠበቃዋ። ሌላ ምንም አላለችም።

ወዳጆቼ መጦሪያ ቤት የለም ወይ ይሉኛል። መቄዶንያ አለ፤ ደጋፊ አጥተው ጎዳና ላይ የወደቁትን የሚያነሣ የተቀደሰ ሥራ ነው። ልጅ ያላት፣ ቤት ያላት፣ እድር ያላት ሴት የሌላውን አልጋ እንድትይዝ እኔ አልጠይቅም። እርሷም ብትሰማ ትሞታለች።

አሁን ይግባኝ ላይ ነን። ልደብቀው የማልችለው አንድ ነገር አለ፤ ቢፈቀድላት እንኳ መምጣት መፈለጓን እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ቀን «እዚያ ብሞት መሬቱ ይቀዘቅዛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደ አገርሽ እወስድሻለሁ አልኋት። «ታዲያ ለመመለስ ለምን እሄዳለሁ?» አለች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ሌሊት መጸዳጃ ስትሄድ ወድቃ እስኪነጋ ወለሉ ላይ ካደረች በኋላ፣ «ቶሎ ውሰደኝ» አለችኝ። መውደቋን የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት፤ እናቴ ቶሎ ውሰደኝ ብቻ ነው ያለችው። ሁለቱም ቃሎቿ እውነት ይመስሉኛል።

ለዳኛው የሚቀርብ አዲስ የሐኪም ምርመራ ስለሚያስፈልግ፣ ባለፈው ሳምንት በስልክ አጥብቄ ለመንኋት። «እማዬ፣ ሲጠይቁሽ ደህና ነኝ አትበይ። እባክሽን። የሚያምሽን ሁሉ ንገሪያቸው፤ የማትችይውን ሁሉ።» ብዙ ዝም አለች። «አምላክ ይቀየማል» አለች በመጨረሻ። ቢሆንም እሺ አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ሆኜ ደወልሁላት። ዝናብ ነበር። ከበስተኋላዋ ሙቀጫ ሲወቀጥ ይሰማኛል።

«እንደምን አደርሽ እማዬ?»

መልስ የለም። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«እማዬ?»

«አሁን የምትጠይቀኝ አንተ ነህ፣ ወይስ ለእነሱ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ከሆንክማ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቁርስ በላህ?»

አልበላሁም። በልቻለሁ አልኋት።